እንግዳ መቀበል በሞጆ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሞጆ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል፤ አንደኛው ወደ አዳማና ወደ አዋሽ፥ ከዚያም ወደ ባሕር ጠረፍ ይወርዳል፤ ሁለተኛው በቆቃ በኩል ወደ መቂ፥ ወደ ዝዋይና ወደ ሻሸመኔ፥ አልፎም እስከ ሞያሌ ይዘልቃል። በሀገራችን ከተማ በደብር ዙሪያ ወይም በመስፍን ግቢ ሥር ሲቆረቆር ማየት የተለመደ ነው፤ ሞጆ ግን፥ ደብርም ገበያም ባይጐድላት፥ በዋናው ያደገችው መንገደኛ ከጉዞው ዐርፎ እህል የሚቀምስባት ስፍራ በመሆኗ ነው። ስለዚህ የከተማይቱን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስለ ባቡሩ፥ ስለ ቆዳ ፋብሪካውና ስለ ደረቅ ወደቡ ብዙ ሊል ሲችል፥ እኔ ለዛሬ የመረጥሁት ከምግብ ቤቱ ደጃፍ ቆማ «ኑ፥ ግቡ» የምትለውን ሴት፥ አስተናጋጇን ነው፤ ይህ ሥራዋ ጥንት የማን ሥራ እንደ ነበረና በእርሷ እጅ ሲገባ ክብሩ ለምን እንደ ቀነሰ መመርመር፥ የባቡሩን ታሪክ ከመመርመር ያነሰ አይደለምና።

በቀድሞው ዘመን እንግዳን መቀበል የእንጀራ ሥራ ሳይሆን ግዴታ ነበር። ፀሐይ ያዘቀዘቀችበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ብሎ ሲጣራ፥ ባለቤቱ ከውስጥ ሆኖ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ብሎ ይመልስለታል፤ ከዚያ በኋላ ከየት መጣህ፥ ወዴት ትሄዳለህ ሳይባል አስቀድሞ እግሩ ይታጠባል፥ ከምድጃው አጠገብ መደብ ይለቀቅለታል፥ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል። በክርስቲያኑ ዘንድ የዚህ ልማድ መሠረት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት መሆኑ አያጠራጥርም፤ አበ ብዙኃን አብርሃም ድንኳኑን ለመንገደኛ ከፍቶ ሥላሴን በእንግድነት የተቀበለበት ታሪክ በየደብሩ ግድግዳ ተሥሎ ስለሚታይ፥ ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ እንኳ ከደጁ የቆመው ማን ሊሆን እንደሚችል ሳያስብ በሩን አይዘጋም ነበር። እስላሙም ያንኑ አብርሃም አባቴ ይላል። በሞጆ ዙሪያ ያለው የሎሜ ኦሮሞ ደግሞ «ባጋ ነጋን ዱፍተን» ብሎ ለተቀበለው ኬሱማ ወተቱን ወይም በቅቤ የተቀላውን ቡና ሳያቀርብ ቁም ነገር አይጀምርም፤ በየትኛውም ወገን ቢሆን እንግዳን ጦሙን ማሳደር ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ሐፍረት ነው።

ይህ በተራው ሰው ቤት ነው። በመኳንንቱና በነገሥታቱ ግቢ ግን እንግዳን መቀበል መዓርግ ያለው ሹመት ነበር። ግብር በሚበላበት ቀን ዘንግ ይዞ በአዳራሹ በር የሚቆመው አጋፋሪ የሚገባውን ሰው ትውልድ፥ ማዕረግ፥ ቅያሜውን ሳይቀር ያውቅ ዘንድ ይገባዋል፤ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፥ ማንና ማን ከአንድ ገበታ ቢገናኙ ነገር እንደሚነሣ ለይቶ የሚያውቀው እርሱ ነውና። ከእርሱ ቀጥሎ እጅ አስታጣቢው ይመጣል፤ ከዚያም አሳላፊው። አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከማቅረቡ አስቀድሞ ከመዳፉ ላይ ጥቂት ጠብ አድርጎ እፊቱ ይቀምሰዋል፤ በመጠጡ ውስጥ መርዝ አለመኖሩን ነፍሱን መያዣ አድርጎ ማረጋገጡ ነው፤ ጌታው በሚጠጣበትም ጊዜ ዓይን እንዳይበላው በሸማ ይጋረድለታል። ልብ ብሎ ላስተዋለው፥ ዛሬ አንዲት አስተናጋጅ ብቻዋን የምትሠራውን፥ በር ላይ መቆሙን፥ ቦታ ማስያዙን፥ ማስታጠቡንና ማቅረቡን፥ በዚያ ዘመን አራትና አምስት ሰው ተካፍሎት ይሠራው ነበር፤ በአዳራሹም ከሚታዩት አብዛኞቹ ወንዶች ሲሆኑ፥ ከመካከላቸው ለአገልግሎታቸው ማደሪያ መሬት የተሰጣቸው ነበሩ። ጓዳው የሴቶች፥ አዳራሹ የወንዶች ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ለሀገር ጐብኚና ለመንግሥት መልእክተኛ ደግሞ ድርጎ የሚባለው ሥርዓት ነበረ፤ እንግዳው የንጉሥ ትእዛዝ ይዞ ሲመጣ ባላገሩ እንጀራውን፥ በጉን፥ ማሩንና ቅቤውን አዋጥቶ እንዲያቀርብ ይገደዳል። የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ተጓዦች በጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ ድርጎው ዘገየ፥ አነሰ እያሉ ሲያጉረመርሙ እናነባለን፤ የሰጪው ገበሬ ማጉረምረም ግን ጸሐፊ አላገኘም።

እንግዲህ ማዕድ ወይ በጽድቅ፥ ወይ በሹመት፥ ወይ በግዳጅ በሚቀርብበት ሀገር ምግብን በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር ቢቈጠር አያስደንቅም። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን በከፈቱ ጊዜ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ለመብላት ስላፈረ፥ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው በልተው እንደ ከፈሉና ሌላውም በዚያ ምሳሌ እንደ ለመደ ይተረካል። ታሪኩ በሚነገርበት መልክ ሁሉ ባይሆን እንኳ የዘመኑን ሐፍረት በትክክል ያሳያል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋናቸውን ትተው ሒሳብ ከፋይ እስኪሆኑ ድረስ፥ ሆቴል ገብቶ መብላት ለጨዋ ሰው የሚገባ አይመስልም ነበር።

ሐፍረቱን ከሁሉ ይልቅ የሰበረው ባቡሩ ነው። ዐፄ ምኒልክ የሐዲዱን ውል ለስዊዙ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፥ ሥራው ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ሌላ ከተተካ በኋላ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ተሳፋሪውም አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፥ ሌላውን በአዋሽ ያድራል፤ በእነዚህም ጣቢያዎች ግሪኮችና ሌሎች የውጭ ሰዎች ቡፌ የሚባለውን የባቡር መንገደኛ ምግብ ቤት አቋቋሙ። ሞጆ ለመዲናይቱ ቅርብ ስለ ሆነች የባቡር ማደሪያ አልሆነችም። ዕድሏ ሌላ ነበር፤ ከደቡብ በአጋሰስና በአህያ የመጣው ጭነት ከሐዲዱ ጋር የሚገናኝባት፥ ነጋዴው ጭነቱን አራግፎ ተራ የሚጠብቅባት ቦታ ሆነች። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን የመጡት የአውሮፓ መሳፍንትና ጋዜጠኞች በዚሁ ሐዲድ ሞጆን አቋርጠው አልፈዋል፤ እነርሱ ግን በመስኮት ተመልክተው አለፉ እንጂ ለሞጆ ያተረፉላት ነገር የለም። ከተማይቱን ያቆማት ተራ የሚጠብቀው አጋሰስ ነጂ ነው። ሰው አንድ ቀን በቆመበት ቦታ ሁሉ ይርበዋል፥ ይጠማዋል፤ ዘመድ በሌለበት ከተማም «ቤቶች!» ብሎ የሚጣራበት ደጅ አያገኝም።

ይህን ደጅ የከፈቱት ሴቶች ናቸው። ከባላገር ትዳራቸው ፈርሶ፥ ወይም ባል ሞቶባቸው፥ ወይም በልጅነታቸው ከተዳሩበት ቤት ኰብልለው ወደ ባቡር ጣቢያ ከተሞች የወረዱት ሴቶች መሬት አልነበራቸውም፥ ከብት አልነበራቸውም፥ ፊደልም አልቈጠሩም፤ ይዘውት የመጡት ሀብት ጌሾውን ከብቅል፥ ማሩን ከውሃ አዋህዶ የመጥመቅ ጥበብ ብቻ ነበር። አንዲት ሴት ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ተከራይታ በፊተኛው ክፍል አግዳሚ ወንበር ደርድራ፥ የኋለኛውን ለራሷ መኝታና ለእንስራዎቿ አድርጋ፥ ደጃፏ ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ከሰቀለች ጠላ ቤቷ ተከፈተ ማለት ነው። ከፍ ያለችው በብርሌ ጠጅ ትሸጣለች፤ የባሰባት ደግሞ አረቄውን በመለኪያ። እንዲህ ያለችውን ሴት ሰው ኮማሪት ይላታል። አንዲት ኮማሪት በአንድ ጊዜ ጠማቂ፥ አጋፋሪ፥ አሳላፊ፥ ሒሳብ ያዥና ዳኛ ነበረች፤ ሰክሮ የተጣላውን የምታስታርቅ፥ ዱቤ የበላውን የማትረሳ፥ የወረዳው ጸሐፊ ከነጋዴው ጋር እንዳይቀመጥ በዘዴ የምታርቅ እርሷው ናት። በአዳራሹ ይህን የሠራ ወንድ መሬት ተሰጥቶት ነበር። እርሷ ግን ስሟ በክፉ ይነሣል፤ ጠጇን ጠጥቶ የወጣው ሰው ሳይቀር በማግሥቱ በመንገድ ሲያገኛት ሰላምታዋን እንዳልሰማ ያልፋታል። እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ ታሪክ እጅግ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ እንግዳ መቀበል ከጽድቅ ወደ ገበያ ሲዞር ዋጋ አገኘ፥ ዋጋ ባገኘበት ቀን ግን ክብሩን አጣ፤ ያ የጠፋው ክብር የተቈረጠው ከከፋዩ ሳይሆን ከአስተናጋጇ ላይ ነው።

እርግጥ ነው፥ የሐሜቱ ምክንያት ጨርሶ ባዶ አልነበረም። በብዙ ቡና ቤት መጠጥ ማቅረብና ገላን መሸጥ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ ነበር፤ ከባንኮኒው ኋላ የቆመችው ልጅ ለመጠጡ የምታገኘው ደመወዝ እንዳይበቃት ሆኖ የተቈረጠ ስለ ነበረ የቀረውን ከእንግዳው እንድትፈልግ የተገፋች ናት። ይሁን እንጂ ሁሉን በአንድ ስም መጥራት ፍርደ ገምድልነት ነበር፤ ወጥ ሠርታ በማቅረብ ብቻ ልጆቿን ያስተማረችው ባለ ምግብ ቤትም ከዚያው ስም አላመለጠችም።

የጣልያን ወረራ ዘመን መንገዱን ጠረገ፤ ሊቶሪና የተባለውንም ፈጣን ባቡር አመጣ፤ ከነጻነት በኋላ ጣልያን ሄዶ ማኪያቶውና ባንኮኒው ቀሩ። ከ1940ዎቹ ወዲህ ሞጆ የመኪና ከተማ ሆነች። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ መንገዶቹን ሲያድስ፥ ኤንትሬ የሚባለው የፊያት ጭነት መኪና ከነተሳቢው በመገንጠያው ላይ ይሰለፍ ጀመር፤ በአቅራቢያው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ተተከለ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የቆቃ ግድብ ተጠናቆ አዋሽ ወንዝ ወደ ሐይቅነት ተለወጠ። ሹፌሩ ከረዳቱ ጋር፥ የግድቡ ሠራተኛ ከደመወዙ ጋር፥ የቆዳ ነጋዴው ከነኮንትራቱ ሁሉም በሞጆ ቁርስ ይበላሉ። በዚህ ጊዜ ከዚችው ከተማ የተነሡት አቶ በቀለ ሞላ ስማቸውን የያዙ ሆቴሎች በሞጆ፥ በዝዋይ፥ በላንጋኖ፥ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ በማቋቋም በስምጥ ሸለቆው መንገድ ሁሉ ሰው ንጹሕ አንሶላና የተሟላ ማዕድ የሚያገኝበትን ልማድ አስለመዱ። የውጭ ሀገር ሰው በሐዲድ ዳር ቡፌ በከፈተበት ሀገር ኢትዮጵያዊው የራሱን ሆቴል በመኪና መንገድ ዳር በተርታ መትከሉ በንግድ ታሪካችን ከተጻፈለት በላይ የሚገባው ነገር ነው።

በዚያው ዘመን እንግዳ መቀበል በሌላ አቅጣጫ ክብሩን መልሶ ሲያገኝ እናያለን። በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ጀምሮ ውሎ ሲያድር ሆስተስ የሚባሉ ወጣት ሴቶችን ቀጠረ፤ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው፥ ቋንቋ አውቀው ትሪ ይዘው የሚያልፉትን እነዚህን ልጆች ከተሜው ሁሉ በአድናቆት ይመለከታቸው ነበር፤ እናትም ልጇ ሆስተስ ብትሆን ለጎረቤት ትናገራለች። ትሪው ያው ትሪ ነው፥ ሰላምታውም ያው ሰላምታ፤ አንደኛው በሰማይ፥ ሁለተኛው በሞጆ አስፋልት ዳር በመሆኑ ብቻ አንዲቱ ለሚዜነት ትመረጣለች፥ ሌላይቱ የዘመድ ሠርግ አትጠራም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የሆቴልና የቱሪዝም ሥራ ማሠልጠኛ ተከፍቶ መስተንግዶ በትምህርት ቤት የሚሰጥ ሙያ በመሆኑ ልዩነቱ ትንሽ ጠበበ፤ ምሩቆቹ ግን ወደ ታላላቆቹ ሆቴሎች ሄዱ እንጂ ከመንገድ ዳር ምግብ ቤት የወረዱት ብዙ አይደሉም።

የመንገድ ዳር አስተናጋጅ ሙያዋን የተማረችው ከቀደመቻት ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም ከመገንጠያው አጠገብ ካለ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጬ ሥራዋን ያየኋት ልጅ፥ ዕድሜዋ ከሃያ ብዙም የማይበልጥ፥ አንድ ቤተ ሰብ በር ላይ ሲደርስ ምን ትበላላችሁ ብላ አልጠየቀችም። «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብላ የሰጡትን መልስ አዳመጠች፤ አባትየው በኦሮምኛ ሲመልስ እርሷም በኦሮምኛ ቀጠለች፤ የእናቲቱን አለባበስ አየት አድርጋ የሙስሊም ሥጋ ከሚቀርብበት ወገን፥ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ከኋላቸው የገቡትን፥ በአንገታቸው ማዕተብ ያሰሩትን ሁለት አዛውንት ደግሞ «አባቶቼ፥ በየዓይነቱ አለን፤ ሽሮውም አሁን የወረደ ነው» አለቻቸው እንጂ የጥብሱን ስም አላነሣችባቸውም። ለምእመኑ የዓመቱ እኩሌታ የሚያህለው ቀን ጾም በሆነበት ሀገር፥ ፍስክና ጾሙን፥ የእስላሙንና የክርስቲያኑን ቢላዋ ሳትለይ ያስተናገደች ሴት ቤቱን በአንድ ቀን ታዘጋዋለች። የቆቃና የዝዋይ ቆሮሶ ዓሣ በጾም ይበላል፥ አይበላም የሚለው ክርክር ሲነሣ ግን ወደ ጓዳ ገባች፤ ሊቃውንቱ ያልጨረሱትን ነገር አስተናጋጅ ልትጨርሰው አይገባትምና ብልኅነቷን ወደድሁላት።

ኋላም ለአንድ ሹፌር ቢራ ስታቀርብ ጠርሙሱን ከነክዳኑ አምጥታ፥ መክፈቻውን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ፥ እፊቱ ከፈተችው። በሀገራችን ምግብ ቤት ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ከጓዳ ተከፍቶ የመጣ ጠርሙስ ቢቀርብለት እንግዳው ፊቱን ያጠቁራል። ከመዳፉ የሚቀምሰው አሳላፊ ጠፍቶ ሥርዓቱ በጠርሙስ ክዳን ላይ ቀረ እላለሁ፤ ሌላ ምክንያት ያለው ይንገረኝ። አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት ስለ እንዲህ ያለች ሴት ሳይሆን አይቀርም፤ ሽሮው በሁሉም ቤት አንድ ሲሆን ሹፌሩ ሦስት ምግብ ቤት አልፎ እዚያ የቆመው ለሽሮው አልነበረም።

በደርግ ዘመን የከተማ ቤት በ1967ቱ አዋጅ ተወርሶ የብዙዎቹ ኮማሪቶች ኪራይ ለቀበሌ ሆነ፤ ሰዓት እላፊውም የምሽቱን ገበያ ገደለው። ከ1970ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ኤድስ በጭነት መኪና መንገድ ላይ ተስፋፍቶ በጎዳናው ዳር ያሉ ከተሞችን ሁሉ ሲያጠቃ፥ ሰው በሽታውን ከሹፌሩ ይልቅ በቡና ቤቷ ልጅ ስም ጠራው፤ የሞቱት ግን ሁለቱም ነበሩ። ስለዚያ ዘመን ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን ይህ ይበቃል።

አሁን ሞጆ ሌላ መልክ ይዛለች። አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ መመላለሱን አቁሞ አዲሱ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ ደግሞ ቀድሞ በመሐል ከተማዋ ያልፍ የነበረውን መኪና ከዳር አሳልፎ ስለሚሸኘው፥ ከአሮጌው አስፋልት ዳር የነበሩት ምግብ ቤቶች ጥቂት የማይባል ገበያ አጥተዋል። ያጡትን የካሰላቸው በሀገሪቱ ትልቁ የሆነው ደረቅ ወደብ ነው፤ ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ የመጣ ሹፌር ወረቀቱ እስኪያልቅ ድረስ ቀንም ሌሊትም ሊቆም ይችላል፤ እንደ ጥንቱ አጋሰስ ነጂ ተራ ይጠብቃል። የሚበላበት ቤት አስተናጋጅ የማን መኪና እንደ ወጣ፥ የማን እንደ ቀረ፥ ማን በዱቤ እንደሚበላ ታውቃለች። ደመወዟ ግን እንደ አሠሪዋ ፈቃድ ነው፤ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፥ በሥራ ቦታ የሚደርስባትንም ወሲባዊ ትንኮሳ ከልክሏል፤ እስካሁን ግን የወር ገቢዋ በአብዛኛው የቆመው በጉርሻ ላይ ነው። ጉርሻውን ቀድሞ ባለቤቱ ከባንኮኒው ላይ ሰብስቦ እንደ ፈቃዱ የሚያካፍልባቸው ቤቶች ነበሩ፤ አሁን ብዙው ሹፌር ከመነሣቱ በፊት ስልክ ቁጥሯን ጠይቆ በቴሌብር ለራሷ ይልክላታል።